የእንግዳ ውሃ

ዘውድነሽ ከአዳማ መናኸሪያ ሚኒባስ ስትሳፈር፣ ጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር እያየች ተቀመጠች። ያ ወንበር የጂጂ ነበር። የልጅ ልጇን ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ይዛት እንደምትመለስ ለጨፌ ሎሚ ሰው ሁሉ አውርታለች። ከመቂ ገበያ ቢጫ አበባ ያለበት አንሶላ ገዝታ፣ አልጋውን አንጥፋ፣ ግቢዋ ካለው ግራር ላይ ዥዋዥዌ አሳስራ ነበር የሄደችው። አሁን ይዛ የምትመለሰው ግን በሶፍት የተጠቀለለች አንዲት ትንሽ ጥርስ ብቻ ናት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራታለች።

"ሰው አለበት እናቴ?" አለ አንድ ወጣት ወንበሩን እያሳየ።

"የለበትም" አለች። "ቢኖርበት ደስ ባለኝ።"

ወጣቱ ሻንጣውን እግሩ ሥር ሸጉጦ ቀና ሲል ፊቷን አየና ብድግ አለ። ጭንቅላቱም ከመኪናው ጣሪያ ጋር ተጋጨ።

"እትዬ ዘውድነሽ! አካም ጅርቱ?"

"ፈያ። አንተ ደግሞ የማን ነህ?"

"ምልኬሳ ነኝ፤ የኦቦ ፉፋ ልጅ።"

"ያ ዶሮዬን በድንጋይ የገደለው?"

"ያው እሱ ነኝ። ዶሮዋን እስከ ዛሬ አልረሷትም?"

"እንቁላል ጣይ ዶሮ ትረሳለች?" አለች፤ ግን አገላብጣ ሳመችው። ልጁ ውሃ ምህንድስና ተምሮ ሩቅ አገር ሲሠራ ቆይቶ፣ አሁን ወደ አባቱ ቤት ለዕረፍት መምጣቱ ነበር።

ሚኒባሱ ሞጆን አልፎ ዓለም ጤና ሳይደርስ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ወረደ፣ ረዳቱ ጎማ ሻጩን ረገመ፣ ተሳፋሪውም እያጉረመረመ መንገድ ዳር ባለች ግራር ሥር ተሰበሰበ። ምልኬሳ ጃኬቱን መሬት ላይ አነጠፈላትና ከሻንጣው የታሸገ ውሃ አውጥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ሰጣት።

ጠጣች። "ውሃ እንዲህ ሲሆን እንዴት ደስ ይላል" አለችና ፈገግ ስትል፣ እጇ ማንም ሳያዘው ተነሥቶ አፏን ሸፈነ።

ጨፌ ሎሚ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ ሲስቅ አፉን ይይዛል። ሴቱ በነጠላ፣ ወንዱ በመዳፉ ይሸፍናል። ልጆቹ ደግሞ ከንፈራቸውን ገጥመው በአፍንጫቸው ይስቃሉ። ጥርሳቸው የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል። የዘውድነሽ አባት ከመንዝ መጥተው እዚያ ሲሰፍሩ ጥርሳቸው እንደ ወተት ነጭ ነበር አሉ። ልጆቻቸው ግን አንዳቸውም የእሳቸውን ጥርስ አልወረሱም።

"ልጅዎ ቢሊሴ ደህና ናት?" አለ ምልኬሳ።

"ቢሊሴማ ደህና ናት። ልጇን ከለከለችኝ እንጂ።"

"እንዴት? ለምን?"

"'እማዬ፣ ውሃው' አለችኝ። የታሸገ እየገዛሁ አጠጣታለሁ፣ ከቦኖው አንዲት ጠብታ አትቀምስም ብዬ ማልኩላት። 'ልጅ ናት፤ ስትጫወት ሲጠማት ቦኖው ሥር አፏን ትደቅናለች። እኔም እንደዚያው ነበርኩ' አለችኝ። ምን ልበላት ታዲያ? ላንጋኖ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ልትሆን ተወዳድራ፣ ፈተናውን አልፋ፣ 'እስቲ ፈገግ በይ' ቢሏት እንባዋ መጣ። ሥራውም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጨፌ ሎሚ ብቅ የምትለው ለለቅሶ ብቻ ነው።"

ምልኬሳ መሬቱን በእንጨት እየጫረ ያዳምጣል።

"ጂጂ ደግሞ የፊት ጥርሷ ወለቀ" አለች ዘውድነሽ፤ ቋጠሮዋን እየዳሰሰች። "እነሱ ያሉት ኮንዶሚኒየም ነው። ጥርስ የሚወረወርበት ጣሪያ የላቸውም። 'አያቴ፣ አንቺ ቤት ቆርቆሮው ላይ ወርውሪልኝና ወፏን ነጭ ጥርስ ስጪኝ በይልኝ' ብላ ሰጠችኝ። የእናቷንም ጥርስ የወረወርኩት እኔው ነኝ። እዚያው ጣሪያ ላይ። ነጭ ስጪያት ብዬ። ወፏ ምን እንደሰጠቻት አንተም አይተሃል።"

"ወፏ ምን ታድርግ እትዬ? ውሃው ነው። እኛ አገር ከመሬት ሥር የሚወጣው ውሃ ከአለቱ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይዞ ይወጣል። ጥቂቱ ለጥርስ ይበጃል። ሲበዛ ግን በማደግ ላይ ያለውን ጥርስ ያበላሻል። ሲቆይም አጥንት ያደርቃል።"

"አፍልተን ብንጠጣውስ?"

"በመፍላት አይወጣም። ውሃው ይተናል፣ እሱ ይቀራል።"

ዘውድነሽ ባሏን ነገሪን አሰበች። ነፍሱን ይማረውና፣ ወደ መጨረሻው አንገቱን ማዞር አቅቶት ነበር። ሰው ከኋላው ሲጠራው ሙሉ ሰውነቱን እያዞረ፣ "እኔ እንደ ከባድ መኪና ሰፊ ቦታ ካላገኘሁ አልዞርም" እያለ ያስቃቸው ነበር። አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

"ታዲያ መንግሥት ረሳን" አለች። "ስንቴ አመለከትን! ስንቴ!"

"አልረሳንም እኮ። ሰዎች ልኮ አልነበር?"

"መጡ፣ በሉ፣ ሄዱ።"

"ምን በሉ?"

እዚህ ላይ ዘውድነሽ ቀና አለች። የጨፌ ሎሚ እንግዳ የሚያርፈው ከእሷ ቤት ነው። ይህ ከእናቷ የወረሰችው ክብር ነው። "ምን ያልበሉት አለ? መንደሩ አዋጥቶ ሙክት ጣልን። አቧራው እንዳይነሣባቸው ከዋናው መንገድ እስከ ደጄ ቀይ አሸዋ አስነጠፍኩ። አዲስ መጋረጃ ሰቀልኩ። የታሸገ ውሃ ከባቱ አስመጥቼ በየፊታቸው አቆምኩ። ልጆቹን አጥበን፣ ጥርሳቸው የሚሻለውን ከፊት አሰለፍን። ጥርሳቸው የባሰባቸውን ደግሞ ያን ቀን ጓሮ አዋልናቸው።"

"ሲሄዱስ ምን አሉ?"

"'እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እናንተማ ደህና ኑሮ አላችሁ' ብለው መርቀው ሄዱ።"

"እትዬ፣ እሱ ምርቃት አልነበረም" አለ ምልኬሳ። "ውሳኔው እሱ ነበር።"

ዘውድነሽ የውሃውን ጠርሙስ መሬት ላይ አስቀመጠች። "እንዴት ያለ ነገር ነው የምትናገረው?"

"ሰዎቹ የሚዞሩት የባሰበትን መንደር ፈልገው ነው። በጀቱ ለሁሉ አይበቃም። እነሱ ዓይናቸው ያየውን ይዘው ይሄዳሉ። እርስዎ ያሳዩአቸው ምንድን ነው? ሙክት፣ መጋረጃ፣ ንጹህ ውሃ። እኔም ብሆን እንዲህ ካለ ቤት ወጥቼ ውሃ የሌለበት ሌላ መንደር ስደርስ፣ የማን ይብሳል ብባል ምን እላለሁ?"

"ታዲያ እንግዳ ላስርብ ነው?"

"ያብሉ! ማን አታብሉ አለ? ዘንድሮም ይመጣሉ። ከእኛ ከፍ ብሎ እስከ ቱሉ ዳሌ የተዘረጋው መስመር ከተራራው ምንጭ የሚመጣ ንጹህ ውሃ ነው። ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ወደ አንድ መንደር ይቀጠላል ተብሏል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስኑት አይተው ነው። ስለዚህ እንዳለን ይዩን። እኛ የምንጠጣውን ውሃ በብርጭቆ ያቅርቡላቸው።"

"ያንን ውሃ? ለእንግዳ? እኔ?" ድምፅዋ ከፍ ብሎ ጎማ የሚቀይረው ረዳት ሳይቀር ዞረ። "ልጄ፣ ተምረሃል፣ ደግ። ግን ገመና የሚባል ነገር አለ። ሰው ቤቱ ቢጎድልም ለእንግዳ ሙሉ ነው። እናቴ ከጎረቤት ተበድራ እንግዳ ታበላ ነበር። እኔ ደጄን ከፍቼ 'እዩኝ፣ ተጎሳቆልኩ' ልበል? ይህማ ልመና ነው!"

"ልመና አይደለም እትዬ። ግብር የሚከፍል ሰው ከከፈለው ላይ ድርሻዬን ቢል ለማኝ አይባልም። ሐኪም ፊት ቁስሉን በነጠላ የሸፈነ ሰውስ ጨዋ ይባላል? 'በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም' ሲሉ የሰማሁት ከእርስዎ አይደለም?"

"ሐኪም አንድ ነው፤ አይቶ ዝም ይላል። እነዚህ ግን በመኪና ሙሉ መጥተው በየደረሱበት ያወራሉ። የጨፌ ሎሚ ሴት እንግዳ አዋረደች ይባላል። አንተ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነህ። እኔ እዚያው ነኝ።"

ምልኬሳም፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከተቀመጥን ጀምሮ አፍዎን እንደያዙ ነው" አለ። "እኔ የዚያው ውሃ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ስማር ስሜ 'ዝገት' ነበር። 'ዝገት መጣ፣ ዝገት ሄደ' ሲሉኝ ነው የከረምኩት። ይኸው፣ ይዩት!" ከንፈሩን ገልጦ ቡናማ ጥርሱን አሳያት። "ከእኔ ምን ይሸሽጋሉ?"

ዘውድነሽ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለችና ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እስከ መንደሯ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጨፌ ሎሚ ሲደርሱ ግን ከመውረዷ በፊት ዞር ብላ፣ "ዶሮዋንም ገና አልካስከኝም" አለችው።

ሰው ሲገሠጽ መጀመሪያ የሚመጣበት ቁጣ ነው። ቁጣው ሲበርድ ግን ነገሩ እንደ ጠጠር ጫማ ውስጥ ይቀራል።

እሑድ የእድሩ ሰው ማመልከቻውን ሊያድስ ተሰበሰበ። ኦቦ ፉፋ፣ የምልኬሳ አባት፣ የቆየውን ማመልከቻ አስነበቡ። አስፋልት፣ ውሃ፣ ጤና ጣቢያ፣ ኳስ ሜዳ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ የመስጊዱ አጥር፣ የጸሎት ቤቱ ወንበር፣ የወጣት ማዕከል። ምንም የቀረ የለም።

"አባባ፣ ይህን ሁሉ አንድ ላይ?" አለ ምልኬሳ።

"አንተ ልጅ፣ መቂ ገበያ ወጥተህ አታውቅም?" አለ ማናሴ፣ ሽንኩርት ነጋዴው። "ደላላ የሚፈልገውን ዋጋ በመጀመሪያ ይጠራል? ከፍ አድርጎ ይጠራል እንጂ! ስምንት ጠይቀን ሁለት ቢሰጡን መች ጠላን?"

ሰዉ ሳቀ፤ አፉን ይዞ ሳቀ። ዘውድነሽም "ማናሴ እውነቱን ነው" አለች።

"መቂ ላይ አንተ ሻጭ ነህ፤ ገዢው ፊትህ ቆሞ ይከራከርሃል" አለ ምልኬሳ። "በጀት የሚመድበው ሰው ግን አጠገብህ የለም። ጠረጴዛው ላይ የየመንደሩ ማመልከቻ ተቆልሏል። ስምንት ነገር የሚል ወረቀት ሲያይ፣ እነዚህ የሚፈልጉትን አያውቁም ይልና ወደ ጎን ያደርገዋል። አንድ ነገር እንጠይቅ። የቱ ነው ሌላውን ሁሉ የሚበልጠው?"

"አስፋልቱ" አሉ ኦቦ ፉፋ።

"ኳስ ሜዳው" አለ አንዱ ከኋላ።

ያኔ ዋፊቃ ተነሣች። የዘውድነሽ የግድግዳ ጎረቤት ናት፣ የልጆች እናት። ስብሰባ ላይ ብዙ አትናገርም። "በአስፋልቱ የሚሄደው ማነው?" አለች። "ልጆቻችን ጥርሳቸውን አፍረው ከትምህርት ቤት እየቀሩ፣ አባቶቻችን በአርባ ዓመታቸው ጀርባቸው እየደረቀ፣ በአስፋልት ወዴት እንሂድ? ሐኪም ቤት? ውሃ ይቅደም።"

ኦቦ ፉፋ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "የቀረውስ?" አሉ። "ከውሃ ሌላ ሁሉ ይሰረዝ ብንል፣ ሌላውን መቼ እናገኛለን?"

"አንዱን ተቀብለን በደንብ ስንይዘው ሁለተኛውን ለመጠየቅ አፍ እናገኛለን" አለ ምልኬሳ። "ደግሞ ባዶ እጃችንን አንጠይቅ። ቦዩን በራሳችን ጉልበት እንቆፍራለን እንበል። ቦኖው የሚተከልበትን መሬት እንስጥ። ቧንቧው ቢሰበር ማን እንደሚያስጠግነው፣ ለዚያም በየወሩ ማን እንደሚያዋጣ ከወዲሁ ተስማምተን እንጻፈው። የሰጡት ነገር በዓመቱ ተሰብሮ ሣር የሚበቅልበት መንደር ብዙ ነው። እነሱም ይህንን ይፈራሉ።"

ክርክሩ እስከ ምሳ ዘለቀ። ማናሴ ስለ ኳስ ሜዳው አኩርፎ ወጣና ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። በመጨረሻ ውሃው ብቻ ቀረ። ምልኬሳም ስለ እንግዶቹ አቀባበል አፉን ሲከፍት ዘውድነሽ ቀደመችው።

"ማመልከቻውን እንደፈለጋችሁ ጻፉት፤ ገባኝ። እንግዳው ግን የእኔ ነው። ደጄም የእኔ ነው።"

ዘውድነሽ እንዲህ ስትል አይመለስላትም።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ዋዜማ ላይ ባቱ ወርዳ የታሸገ ውሃ ገዝታ በባጃጅ ጭና መጣች። ከደጇ ስታወርድ ዋፊቃ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ከቦኖው ትመለሳለች። ቆም ብላ እሽጉን አየችው።

"ለእንግዶቹ ነው እትዬ?"

"ለእንግዶቹ ነው።"

"ደግ ነው" አለች ዋፊቃ ጀሪካኗን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው እያዛወረች። "እርስዎ ለእንግዳ ሳስተው አያውቁም። እኛስ እትዬ? እኛ መቼ ነው እንግዳ የምንሆነው?"

ቀልድ ይሁን ስድብ ዘውድነሽ መለየት አልቻለችም። ዋፊቃ መልስ ሳትጠብቅ ገባች።

ዘውድነሽ እሽጉን ቤት አስገብታ ቢጫ አበባ ባለበት አንሶላ ላይ ተቀመጠች። ማንም ያልተኛበት አልጋ ነው። በመስኮቱ ዥዋዥዌው ይታያል። ንፋሱ ባዶውን ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል። ጂጂ በስልክ "አያቴ፣ ወረወርሽልኝ?" ብላ ከጠየቀቻት ወዲህ ስልኩ ሲጮኽ ትደነግጣለች። አዎ ብላ ዋሽታለች እኮ! ለስድስት ዓመት ልጅ ዋሽታለች።

"እስቲ ልወርውረው ይልቅ" አለችና ወደ ግቢ ወጣች። ቋጠሮዋን ፈታች። ጥርሷ ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም፤ ነጭ ናት። እጇን ወደ ቆርቆሮው አነሣች። "አንቺ ወፍ" አለች። ሌላው ቃል አልወጣም።

ቢሊሴ ታየቻት። እንደ ጂጂ ስታክል፣ በዚችው ግቢ፣ እጇን እያጨበጨበች፣ "እማዬ ከፍ አድርገሽ! ከፍ አድርገሽ!" ስትል። ያን ቀን እንዴት ትስቅ ነበር! አፏን ሳትይዝ። ከዚያ ወዲህ የቢሊሴን ሳቅ ሙሉውን አይታው ታውቃለች? አሰበች፤ አላስታወሰችም።

ለእንግዳው ንጹህ ውሃ የምገዛው የእኛው እንደማይጠጣ ስለማውቅ ነው፤ አለች በልቧ። አውቃለሁ። ሁልጊዜም አውቄዋለሁ። አውቄ ለልጄ አጠጣሁ፣ አውቄ ከእንግዳው ሸሸግኩ። የሸሸግኩት ግን መድኃኒቱን ከያዘው ሰው ነው።

እጇን አወረደች። ጥርሷን መልሳ ቋጠረችና በቀጥታ ወደ ኦቦ ፉፋ ቤት ሄደች። ምልኬሳ ደጃፉ ላይ ጫማ ይጠርጋል።

"አንተ ዶሮ ገዳይ!"

"አቤት እትዬ።"

"ሳላበላ አልሸኝም። ይህን እወቅ።"

"ያብሉ እንጂ።"

"ሙክት ግን የለም። ሹሮ ነው፤ የምንበላው። ውሃውም የምንጠጣው። መጋረጃ አልሰቅልም፣ አሸዋም አላስነጥፍም። አቧራው ጫማቸው ላይ ይቀመጥ። እኛ ስንለብሰው ኖረን የለም?" ነጠላዋን መልሳ አጣፋች። "ጓሮ አዋልናቸው ያልኩህን ልጆችም አመጣቸዋለሁ። ከፊት ይቀመጣሉ። እንግዲህ ብዋረድ ካንተ ራስ አልወርድም።"

ምልኬሳ ጫማውን ጥሎ ተነሣና ትከሻዋን ሳመ። አንዳንዴ የተማረ ሰውም ዝም ማለት ያውቃል።

በማግሥቱ እንግዶቹ መጡ። ቡድኑን የሚመሩት አቶ ልዑልሰገድ የሚባሉ ሸበቶ ሰው ነበሩ፤ ባለፈውም መጥተው ነበር። ዘውድነሽ በሯ ላይ ተቀብላ አስገባቻቸው። ውሃውን በብርጭቆ ቀድታ በየፊታቸው አስቀመጠች።

አቶ ልዑልሰገድ ብርጭቆውን አንሥተው አዩት። ሊጠጡ ሲሉ ዘውድነሽ፣ "ይቆዩ ጌታዬ" አለች። "ይጠጡ አልልዎትም። ይህ እኛ የምንጠጣው ነው።"

"ባለፈው ስንመጣ የታሸገ ነበር መሰለኝ" አሉ ሰውየው።

"ነበር። ለእናንተ ተገዝቶ ነው። ዛሬም ገዝቼ ነበር፤ እዚያ ጥግ አለ። እንግዳ ማስጠማት አልችልም፤ ከጠማዎት እከፍትልዎታለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ ይህን እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። ይህ ውሃ ሲያዩት ንጹህ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የሚሠራውን የሚያሳየው እኛ ላይ ነው።" ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በማታውቀው ሰው ፊት፣ ጥርሷን ገለጠች። "ይኸው። የልጆቹም ይኸው። ኑ፣ ቀረብ በሉ፣ አትፈሩ። የእኔን ልጅ ጥርስ ላሳይዎት አልቻልኩም፤ እዚህ የለችም። የልጅ ልጄም የለችም። ባለፈው 'ደህና ኑሮ አላችሁ' ብለው ነበር። ሸሽጌዎት ነው እንጂ ደህና አይደለንም።"

በቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ቀና ብላ፣ ዘውድነሽ ከንፈሯን እንደገለጠች አይታ፣ የእሷንም ገለጠች።

አቶ ልዑልሰገድ ብርጭቆውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። "ወይዘሮ ዘውድነሽ" አሉ፤ "እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ቤት ገብቻለሁ። ሁሉም ቤት መጋረጃ ሰቅሎ ይጠብቀኛል። ከዚያ ቢሮ ገብቼ ማን ተቸግሯል ስባል ግራ ይገባኛል።" ቀጥለውም፣ "ቧንቧው ቢመጣ፣ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል?" ብለው ጠየቁ።

ዋፊቃ መለሰች፤ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆና ተመርጣ ነበር። ቦዩን ማን እንደሚቆፍር፣ መሬቱን ማን እንደሰጠ፣ መዋጮው እንዴት እንደሚሰበሰብ ሳትደናገር ተናገረች። አቶ ልዑልሰገድም፣ "ቃል አልገባላችሁም፤ ያየሁትን ግን ያየሁትን ያህል እናገራለሁ" አሉ። ሹሮውን በሉ። ሲወጡ አቧራው ጫማቸው ላይ ነበር፤ አላራገፉትም።

ነገሩ በአንድ ጀንበር አልሆነም። ሐምሌ ላይ በጀቱ ጸደቀ ተባለ። ክረምቱ እስኪያልፍ ተጠበቀ። መስከረም አልፎ ቧንቧው መንገድ ዳር ተደርድሮ ሲታይ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ማናሴ እንኳ ኳስ ሜዳውን እያነሣ እያጉረመረመ ከሁሉ ይልቅ ቆፈረ። ዘውድነሽ ቦዩ ዳር ቆማ፣ "እዚህ ጋ አልጠለቀም! ከብት ረግጦ ይሰብረዋል!" እያለች ሰው አስመረረች። ኦቦ ፉፋም፣ "ልጄ ሚኒባስ ውስጥ ይህቺን ሴት ባያገኝ ኖሮ ሰላም ነበርን" አሉና ሳቁ። አፋቸውን አልያዙም።

እንግዲህ ጨፌ ሎሚ ምን አተረፈ? ከምንጩ የሚመጣውን ውሃ ጠጥተው የሚያድጉ ልጆች ጥርስ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ወንዱ በጎልማሳነቱ አንገቱ አይደርቅም። ለሕክምና የሚወጣው ለትምህርት ይተርፋል። መንደሩም አንድ ነገር ጠይቆ፣ ድርሻውን አዋጥቶ፣ የተሰጠውን ጠብቆ መያዝን ተማረ፤ አሁን ሁለተኛውን ለመጠየቅ አፍ አለው። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ተማረ፤ እንግዳን ማክበርና ችግርን መሸሸግ አንድ አይደሉም።

በዓመቱ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ቢሊሴ ጂጂን ይዛ መጣች። ለቅሶ ሳይኖር መጣች። ቦኖው ሥር ቆማ እጇን ዘረጋች፣ ውሃውን በመዳፏ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጠጣች።

"እማዬ" አለች፤ "ይጣፍጣል።" ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች። "ለእኔ ዘገየ እንጂ።"

ዘውድነሽ የልጇን ክንድ ያዘች።

ጂጂ ቤት ስትደርስ አንሶላውን አላየችም፣ ዥዋዥዌውንም አላየችም። ዘውድነሽ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ጥርሷን መዳፏ ላይ አኖረችላት።

"አያቴ! ወረወርኩት ብለሽኝ ነበር እኮ!"

"ዋሸሁሽ። አንቺን ጠብቄ ነው።"

ጂጂ ጥቂት ተቆጣች፤ ከዚያም ረሳችው። ወደ ኋላ ሸሸት ብላ፣ ባላት ኃይል ሁሉ ወረወረች። ጥርሷ ቆርቆሮው ላይ ቅጭል አለች፣ ተንከባለለች፣ ቀረች።

"አንቺ ወፍ! ነጭ ጥርስ ስጪኝ!"

ዘውድነሽ ሳቀች። እጇ እንደ ልማዱ ተነሣ፤ አገጯ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቢሊሴ እናቷን አየቻት፣ ደግማ አየቻት፤ የእሷም እጅ ሳይነሣ ቀረ።